ውሃ የቀደመው ድምፅ

አንድ ከተማ እናስብ። ጎርፍ የገባበት ከተማ ነው። ውሃው ምድር ቤቱን ሞልቶ አንደኛውን ፎቅ ይዟል። ያለው ወደ ላይ ወጥቷል፤ የሌለው ውሃው አፍ ላይ ቀርቷል። ላይ መብራት አለ፤ ታች ጨለማና ቢምቢ። ነገ ደግሞ የምርጫ ቀን ነው። ተወዳዳሪዎቹ ሰገነት ላይ ቆመው በድምፅ ማጉያ «ሁላችንም በአንድ ጣራ ሥር ነን!» ይላሉ። አልዋሹም፤ ጣራው አንድ ነው። የተለያየው ወለሉ ነው።

እንዲህ ያለውን ከተማ የልብ ወለድ ደራሲዎች ለመጪው ዘመን ማስፈራሪያ ሲያደርጉት ቆይተዋል። እኛ ግን ከተማውን የምናውቀው ይመስለናል። ከጂንካ ተነሥቶ ወደ ቀይ አፈር፣ ከዚያም በዲመካና በቱርሚ አድርጎ ኦሞራቴ የገባ ሰው ሳያውቀው የዚህን ከተማ ደረጃ ሲወርድ ውሏል። ጂንካ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ነች፤ ደጋማ አየር፣ እንሰት፣ ዝናብ። ኦሞራቴ ከ400 ሜትር እምብዛም አትርቅም፤ ሙቀት፣ አሸዋና ወንዝ። ከጂንካም በላይ ሌላ ፎቅ አለ። ኦሞ ከላይ ሲነሣ ጊቤ ይባላል፤ የደጋውን ዝናብ ሰብስቦ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ቱርካና ሐይቅ ይገባል። በዚያ በላይኛው ፎቅ የዘነበ በታችኛው ፎቅ ይታያል። በላይኛው ፎቅ የተወሰነም እንደዚሁ።

እንግዲህ ልናነሣው የፈለግነው ጥያቄ ይህ ነው፤ ውሃ ቁልቁል ይፈሳል፤ ድምፅስ ሽቅብ ይፈሳል ወይ?

ለመሆኑ ይህን ጥያቄ እኛ የፈጠርነው ነው? አይደለም። አያቶቻችን በተረት ጨርሰውታል። ጅብና አህያ ከአንድ ወንዝ ውሃ ሊጠጡ ወረዱ። ጅቡ ከላይ፣ አህያዋ ከታች። ጅቡ «ውሃውን አደፈረስሽብኝ» አላት። አህያዋም «አያ ጅቦ፣ ሳታመካኝ ብላኝ» አለችው። ሁላችንም ይህን ተረት ስንሰማ ያደግነው በጅቡ ዓይን አውጣነት እየሳቅን ነው። ነገር ግን ልብ ብለን ብናየው ተረቱ የሚናገረው ስለ ጥርስ ብቻ አይደለም፤ ስለ ቦታም ነው። ከታች ያለ ሰው ከላይ ያለውን ውሃ ሊያደፈርስ አይችልም። እውነቱ በዓይን የሚታይ ነው፤ ማስረጃው ራሱ ወንዙ ነው። ታዲያ አህያዋ ለምን አልተከራከረችም? ክርክሩን ብታሸንፍም የሚሰማት እንደሌለ ስላወቀች ነው። እውነት ይዞ ሰሚ ማጣት፤ የታችኛው ፎቅ ኑሮ ማለት ይኸው ነው።

አሁን ከተረቱ ወጥተን ወደ ወንዙ እንሂድ።

ብዙዎቻችን «ጎርፍ» የሚለውን ቃል ስንሰማ መቅሠፍት ነው የሚታየን። በኦሞ ታችኛው ሸለቆ ግን ጎርፍ ለዘመናት እንጀራ ነበር። ዳሰነች፣ ኛንጋቶም፣ ካራ፣ ሙርሲና ቦዲ በወንዙ ዳር የሚያርሱት ጎርፍ ጠብቀው ነው። በክረምት ደጋው ሲዘንብ ኦሞ ሞልቶ ከዳርቻው ይወጣል፤ ክረምቱ ሲያልፍ ውሃው ወደ ሆዱ ይመለሳል፤ የተወው ደለል ላይ ማሽላ ይዘራል። ዝናብ ሳይጠበቅ፣ ማዳበሪያ ሳይገዛ። እንዲያውም ነሐሴ ላይ በዚያ አገር ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ ይሞላል፤ ዝናቡ የሩቅ፣ ውሃው የቅርብ ነው። ጎርፍ የቀረበት ዓመት የረሃብ ዓመት ነበር። ስለዚህ የታችኛው ሰው ከውሃ ጋር ጠብ አልነበረውም። ውሃው መቼ እንደሚመጣ ያውቃል፤ ጊዜውን ጠብቆ ሸሽቶ፣ ጊዜውን ጠብቆ ይመለሳል።

ይሁንና ውሃው ስምምነቱን ያፈረሰበት ቀንም አለ። ነሐሴ 7 ቀን 1998 ዓ.ም. ኦሞ ከልማዱ በላይ ሞልቶ ዳሰነችን አጥለቀለቀ። 364 ሰዎች መሞታቸው ተነገረ፤ በሺህ የሚቆጠር ከብት አለቀ። ከዚያ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ደግሞ የደቻቱ ጎርፍ ድሬዳዋን በሌሊት መትቶ ከ200 በላይ ሰው ፈጅቶ ነበር። ሁለት ጎርፍ፣ በአንድ ክረምት፣ በአንድ አገር። አንባቢ እስቲ ራሱን ይጠይቅ፤ ከሁለቱ የትኛውን ያስታውሳል? መልሱ «ድሬዳዋን» ከሆነ (እኛም መጀመሪያ ያስታወስነው እሷኑ ነው) የሞት ቁጥር ብቻውን የማስታወስ ልክ እንዳልሆነ እንረዳለን። ሐዘንም ፎቅ አለው።

በዚያው በ1998 የጊቤ ሦስት ግድብ ሥራ ተጀመረ። ከፍታው 243 ሜትር፣ ኃይሉ 1,870 ሜጋ ዋት። ከተሰጡት ምክንያቶች አንዱ እንዲህ ያለውን ገዳይ ጎርፍ ይገታል የሚል ነበር፤ ምክንያቱ ከንቱ ነው አንልም። በጥር 2003 ደግሞ እዚሁ ጂንካ በተከበረው የአርብቶ አደሮች ቀን ላይ ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ በሸለቆው ሰፊ የሸንኮራ አገዳ ልማት እንደሚካሄድ ተናገሩ። በ2007 ግድቡ ውሃ መያዝ ጀመረ፤ በታኅሣሥ 2009 ተመረቀ። ገበሬው እንዳይጎዳ በየዓመቱ ሰው ሠራሽ ጎርፍ ይለቀቃል ተብሎ ነበር። ያ የተለመደው፣ ሽማግሌው በጣቱ ቆጥሮ የሚጠብቀው ጎርፍ ግን ቀረ። ከዚያም ከ2012 ወዲህ ባሉት ዓመታት፣ በምሥራቅ አፍሪካ የወረደው ከባድ ዝናብ ቱርካና ሐይቅን ከፍ ሲያደርገውና ኦሞም ሲሞላ፣ የዳሰነች ወረዳ ብዙ ቀበሌዎች ውሃ ገባባቸው። ሰው ከነከብቱ ወደ ደረቁ መሬት ተሰደደ። ሲጠብቁት የቀረው ውሃ ሳይጠሩት መጣ፤ ሲመጣም የሚመለስ አልሆነም።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። «ግድቡ መጥፎ ነው» ለማለት የተነሣን የሚመስለው አንባቢ ካለ ተሳስቷል። ይህን የምንጽፈው በመብራት ነው። ሌሊት የምናነበው፣ ስልካችንን የምንሞላው፣ ይህችን ወረቀት የምናባዛው በመብራት ነው። አገራችን መብራት ያልገባለት ሚሊዮን ቤት አላት፤ በጭስ ዓይኗ የጠፋ እናት አለች። እንግዲህ ብዙኃኑ «መብራት እንፈልጋለን» ቢል ማን ሐሰት ይለዋል? ሰፊው ሕዝብ ሲጠቀም ጥቂቱ ቢጎዳ ሒሳቡ ትክክል አይደለም ወይ?

ሒሳቡ ትክክል ሊሆን ይችላል። እኛን የከነከነን ሒሳቡን የሚሠራው ማን ነው የሚለው ነው። «ጥቂቱ ለብዙኃኑ ይሠዋ» የሚል ዓረፍተ ነገር ምንጊዜም ከጥቂቱ አፍ ሲወጣ አልሰማንም። ከጥቂቱ አፍ ቢወጣ መሥዋዕትነት ይባላል፤ ታላቅ ነገር ነው። ከብዙኃኑ አፍ ሲወጣ ግን ሌላ ስም አለው። የሌላውን በግ አርዶ የደገሰ ሰው ቸር አይባልም፤ እንግዶቹ የቱንም ያህል ቢበዙ።

ምርጫ የመጣው ይህን ለማስተካከል ነው ይባላል። በምርጫ ቀን ሚኒስትሩም አንድ ድምፅ፣ በኦሞ ዳር ዓሣ አጥማጁም አንድ ድምፅ። ለአንድ ቀን ፎቁ ሁሉ ፈርሶ ሁላችንም ምድር ቤት እንቆማለን። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ሰዎች የሞቱለት ነገር ነው። ሕገ መንግሥቱም ቢሆን የታችኛውን ፎቅ አልረሳም። ከተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫ ቢያንስ 20 ያህሉ ለአናሳ ብሔረሰቦች ይሁን ይላል፤ በፌዴሬሽን ምክር ቤት እያንዳንዱ ብሔረሰብ ቢያንስ አንድ ወኪል ይኑረው ይላል። አርብቶ አደሩ ከመሬቱ አይፈናቀል ይላል በአንቀጽ 40፤ ፕሮጀክት በቀጥታ የሚነካው ሕዝብ ይመከርበት ይላል በአንቀጽ 92። ቃሉ ተጽፏል። ቃል መጻፍና ቃል መስማት ግን ሁለት ነገር ነው። ለዚህ አንድ ምሳሌ ብቻ እንጥቀስ። ግድቡ ውሃ መያዝ በጀመረበት በዚያው በ2007 የተደረገው ምርጫ 547ቱን መቀመጫ በሙሉ ለገዢው ግንባርና ለአጋሮቹ ሰጠ። ተቃዋሚ አንድም ሰው በሌለበት አዳራሽ ውስጥ የታችኛው ሰው ቅሬታ በየትኛው በር ይገባል? ወኪሉ ቢኖርስ እንኳ እጁን የሚያወጣው ማንን ዓይቶ ነው?

የምርጫውን ቀን ነገርም እናንሣ። በ2012 የምርጫ ቦርድ በመጀመሪያ ነሐሴ 10ን፣ በኋላም ነሐሴ 23ን የድምፅ መስጫ ቀን ሊያደርግ አስቦ ነበር። ያኔ «ክረምት ነው፣ መንገዱ ጭቃ ነው፣ ሰው ከቤቱ አይወጣም» የሚል ተቃውሞ ተሰማ። ኋላ በኮቪድ ምክንያት ተላለፈና ሰኔ 14 ቀን 2013 ተደረገ። ያን ተቃውሞ አንነቅፍም፤ እውነት ነው። ግን ልብ በሉ፤ ስለ ክረምት ስንከራከር በዓይናችን የነበረው የደጋው ክረምት ነው። ነሐሴ ላይ ሰማዩ ጠርቶ ወንዙ የሚሞላበት አገር በክርክሩ ውስጥ አልነበረም። የቀን መቁጠሪያችን እንኳ የላይኛው ፎቅ መሆኑን የምናውቀው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው።

ደግሞም መራጭ የሚመዘገበው በቀበሌው ነው፤ በምርጫ ክልሉ ስድስት ወር የኖረ መሆን አለበት። ጥሩ ሕግ ነው፤ ያለ እሱ ማንም ከየትም መጥቶ ይመርጣል። ነገር ግን ቀበሌው ውሃ ውስጥ ሲሆንስ? ቀበሌው በመዝገብ አለ፤ ስሙ አለ፤ ማኅተሙ አለ። መሬቱ የለም። ሰውዬው አለ፤ ከብቶቹ ግን አንዱ እዚህ አንዱ እዚያ፣ ልጆቹ በመጠለያ፣ አጥንቱን የቀበረበት ቦታ ከሐይቅ ሥር። እኚህ አባት ካርዳቸውን ይዘው ቢሰለፉ የሚመርጡት የምንን ወኪል ነው? ውሃው ቀድሟቸዋል። ድምፅ የሚጠቅመው ከውሃው ቀድሞ ሲደርስ ነው። ጎርፉ ከገባ በኋላ የሚሰጥ ድምፅ ለታችኛው ፎቅ የልቅሶ መዝገብ ላይ እንደመፈረም ነው።

አንዱ ጓደኛችን ይህን ረቂቅ አይቶ «እሺ፣ ታዲያ ምን ይደረግ? ከታች ያለ ሁሉ እንቢ የማለት ሥልጣን ይሰጠው? እንዲያ ከሆነ ድልድይም አይሠራ፣ ትምህርት ቤትም አይቆም!» አለን። ጥያቄው ከባድ ነው፤ ሸሽተነው አናልፍም።

የኛ መልስ ይህ ነው። ድምፅና ቃል አንድ አይደሉም። ድምፅ ራስን ይቆጥራል፤ ቃል ሸክምን ይመዝናል። ብዙኃኑ መወሰን ይችላል፤ ካልቻለ አገር አይቆምም። ነገር ግን ከመወሰኑ በፊት ሸክሙ የሚወድቅበትን ሰው ቃል ፊት ለፊት፣ በራሱ ቋንቋ፣ ውሃው ሳይለቀቅ መስማት አለበት። ሰምቶ «እንቢ፣ ግድ ነው» ቢል እንኳ ቢያንስ ምን እንደወሰደና ከማን እንደወሰደ ያውቃል፤ ያወቀ ሰው ደግሞ ዕዳ አለበት። ያልሰማ ሰው ግን ዕዳውንም አያውቅም፤ ዕዳውን ያላወቀ አይከፍልም። ይህ ለኛ ከሥነ ምግባር ሁሉ ትንሹ ነው፤ ከዚህ በታች ወለል የለም።

«የታችኛውን ቃል እንስማ» ስንል ግን የታችኛው ፎቅ አንድ አፍ ያለው አድርገን እንዳናስብ። ከምድር ቤቱ በታችም ምድር ቤት አለ። በዳሰነች ከብቱ ያለቀበትና በሐይቁ ዳር ዓሣ በማጥመድ የሚኖረው ሰው «ዲየስ» ይባላል፤ ድሃ ማለት ነው። ከብት ያለው ከውሃው ራቅ ይላል፤ ዲየስ ከውሃው አፍ ላይ ነው። ጂንካም ብትሆን ከዚህ ነጻ አይደለችም። በአሪ ዘንድ ሸክላ ሠሪውና ብረት ቀጥቃጩ «ማና» እየተባለ ከገበሬው ተለይቶ፣ ተንቆ ኖሯል። በቅዳሜ ገበያ ምጣዷን ገዝተን እንጀራ እንጋግርባታለን፤ ከሠሪዋ ጋር ግን አብሮ መብላት ነውር ሆኖ ቆይቷል። የሽማግሌዎቹም ሸንጎ ቢሆን፣ በዛፍ ጥላ ሥር እስኪግባቡ የሚነጋገሩበት ያ የምናደንቀው ሸንጎ፣ ለሴቲቱና ለታናሹ እንደ ወንዱ ሽማግሌ ክፍት ሆኖ አልኖረም። ስለዚህ የታችኛውን ሰው ቅዱስ አድርገን ከሣልነው እሱንም አልሰማነውም፤ ሥዕላችንን ነው የሰማነው።

ሌላም አለ። ቱርካና ሐይቅ ከሚገባበት ውሃ 90 ከመቶ ያህሉን የሚያገኘው ከኦሞ ነው፤ የሐይቁ አብዛኛው ክፍል ደግሞ በኬንያ ነው። በዚያ ዳርቻ መረቡን የሚጥለው ሰው በኛ ምርጫ አይመርጥም፣ እኛም በሱ። ውሃው ግን ፓስፖርት አይጠይቅም። ድምፁ በድንበር የሚቆም ሰው ቃሉም በድንበር ይቁም ካልን፣ ምድር ቤቱን በቁልፍ ዘግተን «ማንም አልጮኸም» እንደማለት ነው።

አሁን ወደ ራሳችን እንምጣ። እስካሁን «የላይኛው ፎቅ» ስንል ጣታችን ወደ አዲስ አበባ እየጠቆመ ነበር፤ ይህ ደግሞ ይጣፍጣል። ግን ነሪ ወንዝ በጂንካ አጠገብ ወርዶ ከማጎ ጋር ተገናኝቶ መጨረሻው ኦሞ ነው። ልብሳችንን ያጠብንበት ውሃ የሚሄደው ወደ ታች ነው። ለአህያዋ እኛም ከላይ ነን። ከከተማይቱ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ የደቡብ ኦሞ ሙዚየምና ምርምር ማዕከል አለ። የቆላው ሰው በርኩማ፣ ቅል፣ ጌጥ በመስተዋት ውስጥ ተቀምጧል። ማዕከሉ መልካም ሥራ ሠርቷል፤ ነገራችን ከሱ አይደለም። ነገራችን ከዓይናችን ነው። የሰውዬውን በርኩማ ኮረብታ ላይ አውጥተን ስናደንቅ፣ ሰውዬው ራሱ የሚቀመጥበት ደረቅ መሬት አጥቶ እንደሆን ጠይቀናል?

ተማሪ ከጥንትም ስለ ሌላው መናገር ይወዳል። በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት ታላላቆቻችን አገር አናውጠዋል፤ እናከብራቸዋለን። ነገር ግን መሬቱ በየዓመቱ ከውሃ የሚወለድለት፣ ወሰኑን ጎርፍ የሚሠራለት አራሽ በዚያ መፈክር ውስጥ ቦታው የት ነበር? አልተጠየቀም። ስለ ሰው መጮኽና ሰውን ማስጮኽ ይለያያሉ። ይህችም ጽሑፋችን ብትሆን ከዚሁ ነቀፌታ አታመልጥም። የጻፍነው በአማርኛ ነው፤ አንባቢዋም እርስ በርሳችን ነን። ዳሰነች ያለው ሽማግሌ አያነባትም። እንግዲህ ቢያንስ እንወቀው፤ እኛ የሱ ወኪል አይደለንም። ብንሆን ብንሆን መልእክተኛ ነን፤ መልእክተኛ ደግሞ ከራሱ አይጨምርም።

ታዲያ ምርጫ ሲቃረብ፣ ፖስተሩ በየግድግዳው ሲለጠፍ፣ በየሻይ ቤቱ «ማን ያሸንፋል?» ሲባል፣ አንዲት ጥያቄ እንጨምርበት። «የምሰጠው ድምፅ የማንን ውሃ ይለቃል? ያ ሰውስ ተጠይቋል ወይ?» መልሱን ካላወቅን ከመካከላችን የዳሰነችን ወይም የኛንጋቶምን ቋንቋ የሚያውቀውን እንጠይቅ፤ እነዚህ ልጆች እኮ ከኛው ጋር በአንድ መኝታ ቤት ተኝተው፣ በአንድ ካፌ ተሰልፈው ይበላሉ። ወንድማችንን «ባሕላችሁ እንዴት ነው?» እያልን ስናደርቀው ከርመናል። አንድ ቀን እንኳ «ቀበሌያችሁ አለ?» ብለነው እናውቃለን?

አህያዋ «ሳታመካኝ ብላኝ» ያለችው ተስፋ ቆርጣ ነው። ተረቱ እዚያ ላይ ያልቃል፤ ተረት ነውና ማለቅ ይችላል። በወንዙ ዳር ግን ሌሎችም ሊጠጡ የወረዱ ነበሩ፤ ማን እንደነበሩ ተራኪው አልነገረንም። ምናልባት እኛ ነን። ውሃው ከየት ወዴት እንደሚፈስ አይተናል።